የጎረቤት ነው ያልሽኝ ሠርግ

ይድረስ ለእህቴ ለሳሚያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የደሴ ብርድ ሲገባ ይብስብሻልና ሹራብሽን አትጣዪ። አባባስ እንዴት ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ቁርኣናቸውን ያለ ሰው እርዳታ እንደሚቀሩ ባልሽ ሉቅማን ነግሮኝ ደስ ብሎኛል። ልጆቹስ ትምህርት ጀመሩ? እኔ ለጤናዬ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ መጦሪያው ውስጥ አዛውንቶቹን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ያን ቀን ከተነጋገርን ወዲህ ደጋግመሽ ደውለሽ አላነሣሁም። ብናገር አለቅሳለሁ፤ ሳለቅስ አንቺ ታባብይኛለሽ፤ ከዚያ ልናገር ያሰብኩት ሆዴ ውስጥ ይቀራል። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ድምፅሽን ስሰማ ልጅ እሆናለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቼ ነው የምልከው። ጀዕፈር እንዴት አድርጎ እንደነገረሽ አላውቅም። እኔ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

መስከረም መጨረሻ ላይ እኔና ጀዕፈር ከተጋባን ሰባት ዓመት ሞላን። እሱ በትልቁ መኪና ዕቃ ጭኖ ከስቴት ስቴት ስለሚዞር፣ አንድ ማዕድ ላይ የምንገናኝበት ቀን ጥቂት ነው። በጥር አባቱን ሊጠይቅ ሐይቅ ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ጠባዩ ተለውጦ ነበር። ቤት ሲገባ ይተኛል፤ ሲነቃ ስልኩን ይዞ ፓርኪንጉ ላይ ይቆማል። ድካም ነው አልኩ። የታመሙት አባቱ ሐሳብ ነው አልኩ። አብራኝ የምትሠራው ሣራ ሁኔታዬን አይታ፣ ለምን አንድ ቀን ለሁለታችሁ ብቻ እራት አትሠሪም፣ ሻማ አብሩ፣ ስልካችሁን ዝጉና ተጫወቱ አለችኝ። ሣቅሁባት። ቤቴ ስገባ ግን ሐሳቡ አልለቀቀኝም።

እሑድ ከሰዓት እንደሚገባ ስለነገረኝ ሺፍቴን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ኦፍ ወሰድኩ። ከገበያ ሙሉ የቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። ልጅ ሆኖ ከሐይቁ ዳር ይበላው የነበረውን ዓሣ ሁልጊዜ ያነሣል። ጎን ጎኑን ተልትዬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሽቼ፣ ዱቄት ነስንሼ ጭራው ቀጭ ቀጭ እስኪል ጠበስኩት። ሩዙን በዘቢብና በቅርንፉድ ሠራሁ፤ ዳጣም አዘጋጀሁ። ከእራት በኋላ የሚበላ ክሬም ካራሜል ሠራሁ፤ ሆቴል ትሠሪ በነበረ ጊዜ ያስተማርሽኝን፣ ከስኳሩ ጋር የብርቱካን ልጣጭ የሚገባበትን። የመጀመሪያው ስኳር አርሮብኝ ደፋሁት። ሁለተኛው ማር መሰለ። እንቁላልና ወተቱን መትቼ፣ አጥልዬ፣ በሁለት ትንንሽ ኩባያዎች ከፍዬ፣ ውኃ ባለበት ትሪ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት።

ውጭው ገና ብርሃን ስለነበረ ሻማው እንዲታይ መጋረጃውን ዘጋሁ። ያን አረንጓዴ ቀሚሴን ለበስኩ። እጄ ዓሣ ዓሣ እንዳይሸት በሎሚ ታጠብኩ። እታለም፣ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታ ነበር።

ጀዕፈር ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ምንድን ነው ይሄ አለኝ። ሰባት ዓመታችን ነው አልኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ደስታ መሰለኝ። እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ዓሣውን አጥንቱ እስኪቀር በላ። ስለ መንገዱ አወራኝ፤ ስንት ወር ሙሉ ያልሣቀው ሰው ሣቀ። እኔም እየፈለፈልኩ አጎረስኩት። ክሬም ካራሜሉን ሰሐን ላይ ገልብጬ ሳቀርብ የእሱ ደህና ወጣ፤ የእኔ በአንድ ጎኑ ተናደ። ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቁርጥ የሳሚያን» አለ። «የእሷ ግን ለዚያ ሁሉ የሠርግ ሰው፣ በዚያ ትልቅ ትሪ ሠርታው እንኳን አልተናደባትም።»

«የማን ሠርግ?» አልኩት።

ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። ደሴ አንድ ሌሊት አድሬ አለፍኩ ነበር ያለኝ፤ ስለ ሠርግ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ ሻማውን እያየ፣ «የእኔ» አለ።

ቀሪውን ቀስ በቀስ ነገረኝ። ሙሽራዋ ለይላ የምትባል የሐይቅ ልጅ ናት። አባቱ ሳልሞት የልጅ ልጅ ልይ ብለው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እሱም እምቢ ማለት አቅቶት ነው አለ። የልጅቷ ወላጆች አሜሪካ ያለችው ሚስቱ ታውቃለች ወይ፣ ፈቅዳለች ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። ታውቃለች፣ እንዲያውም እህቷ መጥታ ደግሳ ታስተናግዳለች ተባሉ። አንቺም መጣሽ። አንቺን አይተው ሌላ ማረጋገጫ አልፈለጉም።

እኔ አልጮህኩም። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ሞተሩን ሳላስነሣ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን ሣሩን ያጭድ ነበር፤ እጁን አንሥቶ ሰላም አለኝ፤ እኔም አነሣሁለት። እዚያ እንደተቀመጥኩ ነው በጥር ወር የደወልኩልሽ ስልክ ትዝ ያለኝ። ስደውልልሽ ከኋላሽ ሴቶች እልል ይሉ ነበር፤ ድስትም ይንኳኳ ነበር። ምንድን ነው ስልሽ የጎረቤት ሠርግ ነው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልሽኝ። እኔም የበረከት ቤት ያድርግላቸው፣ ልጅ ይስጣቸው ብዬ መረቅኩ። አንቺም አሚን አልሽ። ሳሚያ፣ አሚን አልሽኝ እኮ።

ከእራቱ በኋላ ስደውልልሽ መጀመሪያ ነግሯታል ብዬ ነው አልሽ። ስለ እልልታው ሳነሣብሽ ደግሞ፣ እሱ እንደሁ ለልጅ ብሎ ማግባቱ አይቀርም፣ ባትሰማ ትዳሯ አይፈርስም ብዬ ነው አልሽኝ። ክፋት አስበሽ እንዳላደረግሽው አምናለሁ። አምኜም ግን አልቀለለኝም። ጀዕፈር በኒካሕ የተዛመድኩት ባዳ ነው፤ የባዳ ክህደት አንድ ቀን ይወጣልኝ ይሆናል። አንቺ ግን ፀጉሬን እየሠራሽ፣ ከጉርሻሽ ቀንሰሽ እያጎረስሽ ያሳደግሽኝ ነሽ። ያንቺን የት ላድርገው?

ለማንም ያልነገርኩትን አሁን ልንገርሽ። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሐኪም ቤት ሄጄ ተመርምሬያለሁ። ምንም የለብሽም፣ ባልሽ ይምጣና እሱም ይታይ አሉኝ። ለመንኩት፤ ተቆጣ፤ እምቢ አለ። የእሱ ችግር ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እኔም ክብሩን ልጠብቅ ብዬ አፌን ያዝኩ። ዘመዶቹ መካን ናት ሲሉኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። አንቺም ሸኾቹ ዘንድ ዱዓ ሳስደርግልሽ ዋልኩ ስትይኝ፣ ስለ እሱ ብዬ አመስግኜ ተቀበልኩ።

ጀዕፈርን በዚያው በእራቱ ቀን ከቤት ውጣልኝ አልኩት። ልብሱን ይዞ ኮንየርስ የሚባል ከተማ፣ ጓደኛው አብዱ ዘንድ ነው ያለው። የመስጊዱ ሽማግሌዎች መጥተው ታገሺ፣ ሁለተኛ ማግባት የተፈቀደ ነው አሉኝ። መፈቀዱን አውቃለሁ፣ እኔ የምጠይቃችሁ ውሸቱን ማን ፈቀደው ብዬ ነው አልኳቸው። ቀጥለው ሲመጡ ስለ ትዕግሥት አላነሡም። ባለፈው ጁሙዓ ጀዕፈር በእነሱ ፊት ፈታኝ፤ የዚህ አገር የፍቺ ወረቀት ገና ይቀረዋል። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰባት ዓመት ቀላል አይደለም። ግን ግባ አላልኩትም።

አሁን ካንቺ የምፈልገውን ስሚኝ። ለይላ ሰርቃ የገባች ሴት አይደለችም። እኔ የፈቀድኩ መስሏት ነው ያገባችው፤ የመሰላትም አንቺን አይታ ነው። ነገ ልጅ ቢዘገይባት ለእኔ የወጣው ስም ለእሷም ይወጣላታል። ስለዚህ ሐይቅ ሂጂ። ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ፣ እህቴ አላወቀችም ነበር፣ የሸፈንኩት እኔ ነኝ በያት። የምርመራውንም ነገር ለብቻዋ ንገሪያት፤ ለሌላ ጆሮ አታድርሺው። ከዚያ መቆየቱም መሄዱም የእሷ ፈንታ ነው። ለአባባም አንቺው ተናገሪ፤ የልጃቸውን ጉድ ከሰው አፍ መስማት የለባቸውም።

ይህን ካደረግሽ ደውይልኝ፤ አነሣለሁ። ካላደረግሽ የአባባን ጤና ከሉቅማን እየጠየቅሁ እኖራለሁ። ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት፤ አልሰርዘውም።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዱዓቸው አይለየኝ። ሉቅማንን ስለ ውለታው ሁሉ አላህ ይስጥልኝ በይልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሿ ጥርሷን ስትነቅል ፎቶ ይላክልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ለለይላም ሰላም በያት፤ ቂም እንዳልያዝኩባት ታውቅ። ላንቺ የሚሆነውን ስንብት ግን አልጻፍኩም፤ ከሐይቅ ተመልሰሽ ስትደውዪ በአፌ እነግርሻለሁ።

እህትሽ ነሲባ
ሊልበርን፣ አትላንታ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.