የሲስተር ቆዩ አምስት ደቂቃ

ወደ ሕይወት ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት አንድ ብርቱ ጉዳይ በይፋ እናስታውቃለን። በክሊኒኩ ሦስት ቁጥር ክፍል ያለው፣ አንድ እግሩ የሚያነክሰው የእንጨት ወንበር አይጠገንም። ውሳኔው የቀድሞው ዋና ሐኪም ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ታካሚዎቻቸው «ሲስተር ቆዩ» የሚሏቸው አክስታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ልብስ ሞልቶበት ነበር፤ ሁሉም የሰው ነው እንጂ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው መቀሳቸውን አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ዓመት ሙሉ አልተመለሱም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆመው «አባባ ጨጓራቸውን አሟቸው ነው» የሚሉት እሳቸው ነበሩ። የሰርግ ሱፍ ያዘዘ አንድ ሙሽራ ልጁን ታቅፎ መጥቶ ተረከበ። አባታቸው ኋላ ቢነሱም፣ አክስታችን ያቺን የበር ላይ ውሸት አልረሷትም።

በ1970 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በዚሁ ክሊኒክ ተቀጠሩ። በ1975 ግፊት ሊያስለኩ የመጡትን የአውቶቡስ ሹፌር አገቡ። «ቆዩ፣ ገና ነው» ቢሏቸው አርባ ሁለት ዓመት ቆዩላቸው፤ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ያኔ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው በክሊኒኩ ጓሮ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ተራ ጠባቂ በሞላበት አግዳሚ ፊት ማለፍ ነበረበት። ብዙው ግማሽ መንገድ ደርሶ «ሽንት ቤቱ ወዴት ነው?» ብሎ ይመለሳል።

በ1988 አክስታችን ጥያቄ አቀረቡ፦ ለሳልም ለስኳርም የመጣ ሰው ስለ እንቅልፉና ስለ ጭንቀቱ በዚያው ክፍል ይጠየቅ፤ እዚያው ይታከም። ዋናው ሐኪም ሳቁ።

«ሲስተር፣ የሳለውን ሁሉ ‹ሆድ ባሰህ ወይ?› ስንል ልንውል ነው?»

«ዶክተር፣ የእኔ አባት ቢመጡ ኖሮ በጨጓራ ነበር የሚመጡት።»

አልተፈቀደላቸውም፤ በዘዴ ገቡበት። ግፊት ሁለቴ ይለኩ ጀመር፤ በመካከሉ «ቆዩ፣ ልብዎ ይረጋጋ» የሚሉበት አምስት ደቂቃ አለ። ታካሚው «ይሄ ወንበር ይንገዳገዳል» ሲል፣ «እርስዎስ?» ይሉታል። ስንቱ ለሚስቱ ያልነገረውን እዚያ አራገፈ! ከስድስት ዓመት በኋላ ሐኪሙ፣ አክስታችን የሰሙትን የጻፉባቸውን የታካሚ ካርዶች አገላብጠው፣ ሳይስቁ ፈረሙ። ጥያቄዎቹ በሁሉም ካርድ ላይ ታተሙ፤ የጓሮው ክፍልም የመጥረጊያ ማስቀመጫ ሆነ።

አክስታችን ጡረታ ከወጡም በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ በፈቃዳቸው ያገለግሉ ነበር። እኒያ ሐኪምም ባለቤታቸውን ከቀበሩ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ግፊት ሊያስለኩ ይመጡ ነበር። ሁለቴ ይለካሉ፤ አንድም ቀን ከፍ ብሎባቸው አያውቅም።

አክስታችን ለሰባት ወራት በልብ ድካም ታመው ሰኞ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል፤ ትንሿ የአሻንጉሊቷን ግፊት ሁለቴ ትለካለች። ፈጣሪ በደጁ «ቆዩ» ሳይላቸው ያስገባቸው።

ትናንት ማክሰኞ፣ ከቀብሩ በሳምንቱ፣ ሐኪሙ እንደ ልማዳቸው መጥተው፣ ማንም ሳይለካቸው በዚያው በሚያነክሰው ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። የአክስታችን ልጅ «ዶክተር፣ ለእማዬ መታሰቢያ ወንበሩን ላስጠግነው» አለቻቸው።

«አይነካም።»

«ለምን?»

«አላብራራም።»