የአባባ ሰዓት አራት መታ

ለወንድሜ ለብርሃነመስቀል፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? የመጨረሻውን የጠየቅሁህ ለወግ አይደለም። እማዬን እግሯን ተሻላት? ሐምራዊትና ኤልዳናስ ደህና ናቸው? እኔ ንዴት ካልገደለኝ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ከጥር ወዲህ እዚህ አትላንታ አጠገብ ቻምብሊ የሚባል ቦታ አንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ አጸዳለሁ። ባለፈው ማክሰኞ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ አዲስ የመጣ የፈረንሳይ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። ወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ አራቱ ዓምዶቹ እንደ ውሃ ከጠራ ድንጋይ የተሠሩ። ክው አልኩ። መቼም የሚመሳሰል ዕቃ አይጠፋም ብዬ አቧራዬን መጥረግ ቀጠልኩ። ቆይቶ ሰዓት ቆጣሪው ዘንግ አሥር ላይ ሲደርስ ደወሉ አራት ጊዜ መታ። ባለሱቁ ስቆ፣ ተበላሽቷል፣ ሰኞ ሠሪ ጋ ይሄዳል አለኝ።

ምኑ ነው የተበላሸው? አባባ አይደል በገዛ እጁ የደወሉን ቆጠራ በስድስት ያዞረው፣ ፊቱ የፈረንጅ ደወሉ የሐበሻ ይሁን ብሎ? ዞሬ ዓምዱን አየሁት። አንተ በኳስ የሸረፍከው ጥግ እዚያው አለ። ሲመታ በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ልካድ ብትል አትችልም።

አንተ ሌባ! የአባባ ተዝካር ሳይወጣ፣ ሰዓቱ ተሰረቀ ብለህ ሰፈሩን በጩኸት አቀለጥከው። የሰዓቱ መሙያ ቁልፍ ከሠራተኛችን ከዘውድነሽ ነጠላ ጫፍ ተፈቶ ሲወጣ፣ «ይኸው፣ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» አልከን። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድትሞላው ቁልፉን ለእሷ እንደሰጣት ታውቅ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቁልፉ ከነጠላዋ ሲወጣ አይቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። እጄ ይቆረጥ! አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለችን ሴት አራት ወር ታሰረች፤ ከዚያም ወዲያ ሌባ ተብላ የሚቀጥራት አጣች። እማዬ እስከ ዛሬ ትረግማታለች፣ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ አሜን ትላለህ።

ለማን እንደሸጥከው አልጠይቅህም። ገንዘቡንም ብላው። ይህን ደብዳቤ ግን ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለእማዬ አንብብላት፤ አንዲት መስመር እንዳትዘል።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ሐምራዊትን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ምንም አታውቅም። ኤልዳናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ አባቷን እንዳትመስል እጸልያለሁ።

ዘውድነሽን ሰላም በልልኝ አልልህም። ደውዬ እያለቀስኩ ይቅርታ ለምኛታለሁ። «እማማ ሳይሞቱ ይስሙልኝ» ብቻ ነው ያለችኝ። ፖስታውን በእሷ አድራሻ የላክሁት፣ በእጇም ያመጣችልህ ለዚህ ነው። እስካሁን በር ላይ አቁመሃት ከሆነ አስገባት። ወንበር ስጣት። ከዚያ እማዬን ጥራና ከላይ ጀምረህ አንብብ።

እህትህ የሺእመቤት
ስኮትዴል፣ አትላንታ
መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.