የአባባ አንድ ነጥብ ሁለት ኦም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሸሪፍ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ባለህበት ይድረስህ። እንደምን አለህ? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? የትሪየስቴ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሉብናስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም ልልህ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ጎድሎብን ነበር፣ አሁን ግን ሞላልን! በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸውን ጀግና አድርገው ስለሚተርኩት ነው። እውነቱን ከእኔ ስማ።

የአባባ የግራ እግር የደም ሥሩ እንደጠበበ ታውቃለህ። የደበቅንህ ሐኪሙ ያሉትን ነው። «ለስድስት ሳምንት አንዲት ሲጋራ ካልቀመሱ ኦፕራሲዮን አደርግዎታለሁ፤ ካጨሱ ግን አልነካዎትም፣ እግሩም አይተርፍም» አሏቸው። አርባ ዓመት በቀን ሁለት ፓኬት ላጨሰ ሰው! ማስቲካ ሞከሩ፣ ሱፍ ፍሬ ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን «ልብስ ላስጣ» ብለው ጣሪያ ላይ ወጡ። አባባ በሕይወታቸው አንድ ካልሲ አስጥተው አያውቁም፤ ተከትዬ ብወጣ ከአንሶላው ጀርባ ጭሱ ይትጎለጎላል።

ባለቤቴ ሙስዓድ ያን ጊዜ ነው ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ገዝቶ ያመጣላቸው። ሐኪሙም ሲጠየቁ «እሱም ቢሆን መድኃኒት አይደለም፣ ኋላ ይተዉታል፤ ለጊዜው ግን ከሲጋራው ይሻላል» አሉ። አባባ አንዴ ሳቡና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ ደግሞ ምን ይሞቃል? የታመመች ድመት ትንፋሽ ነው!» አሉ። ሥራቸውን ታውቃለህ፤ የሰፈሩን ካውያና ማሞቂያ ሁሉ ሽቦ እየጠመጠሙ ነው ያሳደጉን። ማሞቂያዬ ደከመብኝ ላለ ሰው ሽቦውን ያሳጥሩለታል፤ ሽቦው ሲያጥር ኦሙ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት ልክ፣ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ቬፑንም እንደዚያው ሊያክሙት ተነሡ።

ውስጡን ፈተው ከቬፑ ጋር የመጣችውን የሽቦ ጥምጥም ወረወሩና ወፍራም አጭር ሽቦ ጠመጠሙ። ዜሮ ነጥብ ሁለት ኦም! ኃይሉን ደግሞ ሰባ ዋት ላይ ሰቀሉት። ቬፑ ውስጥ እየጋለ የሚተነው ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ለሚስብ ሰው ተብሎ ኒኮቲኑ የጠነከረ ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ሺሻ እስከ ሆዳቸው ሳቡት። የጥገና ሱቃቸው በነጭ ደመና ተሸፈነ። ፀጉር አስተካካዩ ዐም በዲር ከማዶ አባባን በሙያ ማዕረጋቸው ጠርቶ «ኡስታ ፉአድ ተቃጠለ!» እያለ ባልዲ ይዞ ሮጠ። አባባ አልተቃጠሉም፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ያስላሉ፣ ዓይናቸው ያነባል፣ ራሳቸው ይዞርባቸዋል። ትንፋሻቸው ሲመለስ ዐም በዲርን ሲጋራ ጠየቁትና ዓይናችን እያየ አጨሱ። ቀጠሮው ሊደርስ ስድስት ሳምንት ከሁለት ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔ አለቀስኩ ሸሪፍ፣ እግራቸው ያን ቀን የተቆረጠ ነው የመሰለኝ።

እማማ ግን አላለቀሱም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ስማ ፉአድ! ‹የምድጃ ሽቦ ካውያ ውስጥ አይገባም› እያልክ ደንበኛ ስትቆጣ ሸመገልክ። ዛሬ የዳቦ ቤት ምድጃ አፍህ ውስጥ ትከታለህ? ያማረህ ሲጋራ ነው፤ ሲጋራ የሚያህል እሳት ስጠው!» አሏቸው። አባባ ወፍራሙን ሽቦ ፈተው ጣሉት። 

በማግስቱ ጠዋት እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ አወጡ። በትንሿ ካቻቪቴ ላይ እየቆጠሩ ጠመጠሙና በቴስተራቸው ለኩ፤ አንድ ነጥብ ሁለት ኦም። በጥምጥሙ መሃል አዲስ ጥጥ አስገብተው ፈሳሹን አንጠባጠቡበት፤ ሳይርስ ከጋለ ጥጡ ይቃጠላል ብለው አሥር ደቂቃ ጠበቁ። ሻይ እስኪበርድ የማይታገሡ ሰው! ከስምንት ዋት ጀመሩ፤ «ገና ናት» አሉ። አሥር ላይ «መጣች፣ መጣች» አሉ። አሥራ አንድ ላይ አጭር ሳቡ፣ አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው ወደ ውስጥ ለቀቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኢናስ፣ ይቺ ናት!» አሉኝ። ልጅነታቸውን አላየሁም፣ ግን ያን ጊዜ ያየሁት ፊት የልጅ ነበር። አይጠግቡምና ለሙከራ አሥራ አራት ቢያደርጉት የተቃጠለ ጥጥ ሸተተ፤ ቶሎ መለሱት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ሲጋራ አልነኩም። ሲቆጡ ከርመዋል፣ ሁለት ደንበኛ አባረዋል፣ ሲጋራ ግን የለም!

ትናንት ቀጠሮው ነበር። ሐኪሙ ትንፋሽ ውስጥ የቀረውን የሲጋራ ጭስ የሚለካ መሣሪያ አውጥተው «እዚህ ላይ ይንፉ» አሏቸው። አባባ መሣሪያውን አገላብጠው አዩትና «ይቅርታ ዶክተር፣ ሲሠራ ያላየሁትን መለኪያ አላምንም። መጀመሪያ እርስዎ ይንፉ» አሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐኪሙ ስቀው ነፉ፤ አሥራ ሰባት! አባባ ነፉ፤ ሁለት! ነርሷ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሐኪሙ እስከ ጆሯቸው ቀልተው የኪሳቸውን የሲጋራ ፓኬት በእጃቸው ሸፈኑና «እሑድ ጠዋት ኦፕራሲዮን እናደርጋለን» አሉ። አባባም «ሱቄ ብቅ ይበሉ፣ ለእርስዎም አንዷን እጠመጥምልዎታለሁ፤ ታዲያ መጀመሪያ እኔን ይስፉኝ» አሏቸው። እስከ ቤት እየሳቅኩ እያለቀስኩ ደረስኩ።

እማማ ዓይንህን ይስሙልሃል። ሙስዓድ ሰላም ይልሃል፤ ልጄ ረዋን ለአጎቷ ሥዕል ሥላለች፣ ከዚሁ ጋር አለልህ። ዐም በዲርም እንዳትረሺኝ ብሎኛል። ለሉብናና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አባባ አሁን ከኋላዬ ቆመው የምጽፈውን ያነባሉ። ቀንሼ ጽፌባቸዋለሁ ብለው ተቆጥተዋል። ይህን ደግሞ ጨምሪ ብለውኛል፦ «ጣሊያን አገር ጥሩ ጫማ ይሠራሉ ሲባል እሰማለሁ። ቁጥር አርባ ሦስት ይግዛልኝ። የሁለቱንም እግር።»

እህትህ ኢናስ ፉአድ
ፖርት ሰዒድ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2023