«ከበጉ አጠገብ ቁሚ»

ይድረስ ለልጄ ለነዛር፤ አላህ ያለህበትን አገር ሰላም፣ የምትነካውን ሁሉ የተባረከ ያድርግልህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህ ብቻ ጉልበቱን እንደልማዱ ያማርራል።

የአረፋው በግ ገብቷል። ከስፋክስ ከተማ የመጡትን የጎረቤት ልጆች ታውቃቸው የለ፣ «የኛ ይበልጣል» እያሉ መንደሩን አደነቆሩት። እህትህ ሱንዱስማ በስልክ ጌም ላይ ለተዋወቀቻት «ልጅ» በጉን በራችን ላይ አቁማ ፎቶ ላከችላት። የቤት ቁጥራችን ቁልጭ ብሎ ይታያል!

መቼም ወሬ እወዳለሁ፤ «የማን ልጅ ናት?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ፣ እማዬ?»

«የእሷስ በግ የታለ?»

«አላሳየችኝም። አሁን ደግሞ ብቻሽን ከበጉ አጠገብ ቁሚና ፎቶ ላኪልኝ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ አለችኝ።»

ነገሩ የልጅ ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ። ግን ሳቅ ብዬ፣ «በጓን የምትደብቅ ምን ዓይነት ጉረኛ ናት?» አልኳት። ሱንዱስ አሰብ አደረገችና ስልኩን ራሷ ሰጠችኝ። መልእክቱን ሳናጠፋ ለፖሊስ አሳየን፣ ከዚያ ላኪውን ከስልኳ አገድነው። ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ አባትህ ትምህርት ቤት ድረስ እየሄደ ያመጣታል።

አላህ ሁለታችሁንም ከክፉ ይሰውርልኝ። ስትደውል አደራህን አትቆጣት፤ ከፈራችን ሌላ ጊዜ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚላትን ትሰማለች።

እናትህ መብሩካ