ወይዘሮ ያድቪጋ ጽጌ ሶብቻክ የጠበቁት እሺታ

ወይዘሮ ያድቪጋ ሶብቻክ፣ እኛ ጽጌ ብለን የምንጠራቸው፣ ከአባታቸው ከአቶ ስታኒስዋቭ ሶብቻክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሃሊና እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1979 በደቡብ ፖላንድ በአንዲት የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እስከ ሁለተኛ ደረጃ በዚያው ተከታተሉ። አባታቸው ከማዕድን ጉድጓድ ሲወጡ የሠፈሩን ልጆች ትግል ያስተምሩ ነበር። ጽጌም በአሥራ አንድ ዓመታቸው ምንጣፉ ላይ ወጡ፤ እስከ ሃያ አምስት ዓመታቸውም ከዚያ አልወረዱም። በነጻ ትግል በአገራቸው ሻምፒዮና ሦስት ሜዳሊያ አግኝተዋል። ትከሻቸው ሁለት ጊዜ ወልቋል፤ ግራ ጆሯቸውም ከብዙ መፈግፈግ አብጦ በዚያው ቀርቷል። በ2004 ሴቶች በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታገሉ፣ ጽጌ በመጨረሻው ማጣሪያ በአንዲት ነጥብ ተሸንፈው ቀሩ። ስለዚያች ነጥብ ሲያወሩ ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

በ2005 ወደ ሲያትል መጥተው ካፒቶል ሂል በሚገኝ ሆቴል የእንግዳ ክፍል በማጽዳት ሥራ ጀመሩ። ከሆቴሉ አጠገብ ባለ ምግብ ቤት ያበስል ከነበረው ከአቶ ይርጉ ወንድምአገኝ ጋር ተዋውቀው፣ ተጠምቀው፣ በ2007 በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ።

ከሠርጉ በፊት ይርጉ ናዝሬት ላሉት እናቱ ለወይዘሮ እጅጋየሁ ደውሎ፣ የማገባት ልጅ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ነጻ ትግል ላይ ነበረች አላቸው። ወይዘሮ እጅጋየሁ ስልኩን እንደያዙ ቁጭ አሉ። ታላቅ ወንድማቸው ፍስሐ በ1969 ዓ.ም. ለትግል ብሎ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ቆስላ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁ፤ ትከሻዋን አላቸው። ተይዛስ? ብዙ ጊዜ፣ ግን ታመልጣለች አላቸው። አንዲት ታጋይ ልጃቸውን ልታስጨርስባቸው ነው ብለው ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ። በሳምንቱ ፎቶግራፍ ደረሳቸው፤ ጽጌ ቀይ ጥብቅ ልብስ ለብሰው አንዲት ሴት ወደ ላይ አንሥተዋል። የመጀመሪያው ፍርሃት ለቀቃቸውና ሌላ ያዛቸው።

ለምራት ስም የምታወጣው አማት ናትና ወይዘሮ እጅጋየሁ በሠርጉ ዕለት በስልክ “ጽጌ” አሏቸው፤ ለስለስ ቢሉ ብለው ነው። ሙሽራዋ ትርጉሙ ሲነገራቸው፣ ስልሳ ሦስት ኪሎ አበባ ማን ይሸከማል ብለው ሳቁ።

በ2008 ሴት ልጃቸውን ሃሴትን ወለዱ። ወይዘሮ እጅጋየሁም ለአራስ ጥየቃ መጥተው በዚያው ቀሩ። ቤተሰቡ በ2011 ከሲያትል ማውንት ቤከር ሠፈር ወደ ኬንት ከተማ ተዛወረ። ጽጌ ቀን ቀን በመጋዘን እየሠሩ ከሥራ በኋላ የሠፈሩን ሴቶች ልጆች ያሠለጥኑ ነበር። አማርኛን የተማሩት ከአማታቸው ነው። አንድ ቀን ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ እሺ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ የልብ ነው፣ አንዱ ሰው ላለማስቀየም የሚባል ነው ብለው አስረዷቸው። ጽጌ ይህንን አልረሱም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እሺ ባላቸው ቁጥር የትኛው ነው ብለው ይጠይቁ፣ ሁሉንም ያስቁ ነበር።

ሃሴት ስድስት ዓመት ሲሞላት እንደ እናቷ ልታገል አለች። ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ ለአንድ ቤት አንድ የወለቀ ትከሻ ይበቃል ብለው ከለከሉ። ጽጌ እናት ናቸውና አማታቸውን ማስፈቀድ አይጠበቅባቸውም ነበር። ነገር ግን እማማ እሺ ሳይሉ ልጄ ምንጣፉን አትረግጥም ብለው ቃል ገቡ፤ አራት ዓመትም ጠበቁ። ሃሴት በምትኩ ዋና ተመዘገበች። ወይዘሮ እጅጋየሁ እሱንም ትሰምጣለች እያሉ እንቅልፍ አጡ።

በ2018 ጽጌ ለአንጋፋ ተወዳዳሪዎች ግጥሚያ ይዘጋጁ ነበር። ከውድድር በፊት ኪሎ መቀነስ የዘወትር ልማዳቸው ነው፤ ሁዳዴም ገብቶ ነበር። ልብሳቸው እየሰፋ ሄደ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ልጅ ካሳለ ሳንባ ነው፣ ስልክ ካልተነሣ አደጋ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ግን ጾሙና ሚዛኑ ነው ብለው ዝም አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፉውን ሲያስቡ ኖረው፣ ክፉው ቤት ሲገባ ሳያስቡት ቀሩ። ፋሲካ አልፎ፣ ጾም ተፈትቶ፣ የወረደው ኪሎ አልተመለሰም። በግንቦት የቆሽት ካንሰር መሆኑ ታወቀ።

በመስከረም ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚረዳ መድኃኒት የለም ባሉበት ሳምንት፣ ወይዘሮ እጅጋየሁ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ እሺ ልጄ፣ ሃሴት ትታገላለች አሉ። ጽጌ ዓይናቸውን ገልጠው፣

“እማማ፣ ይሄ የትኛው እሺ ነው?” አሏቸው።

ወይዘሮ እጅጋየሁ የትኛው እንደሆነ ራሳቸውም አላወቁትም። ውሃ ላምጣ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ጽጌ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ለመነጋገር አልቻሉም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2018 በተወለዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ወይዘሮ ጽጌ ባለቤታቸውን አቶ ይርጉን፣ ልጃቸውን ሃሴትን፣ በፖላንድ ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ ሃሊናን፣ አማታቸውን ወይዘሮ እጅጋየሁንና ያሠለጠኗቸውን ሴቶች ልጆች ትተው ሄደዋል።

ይህንን ጽሑፍ ያዘጋጁት ወይዘሮ እጅጋየሁ በአልጋው አጠገብ ሳይመልሱት የቀሩት ጥያቄ አለ። መልሱ እዚህ በተሰበሰበው ሰው ሁሉ ፊት እንዲነበብላቸው ለምነዋል፤ የልቡ እሺ ነው። ሃሴት በኅዳር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ትመዘናለች፤ ትገጥማለችም። አያቷ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ይሆናል፤ ግን ከፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ጽጌን ነፍስ ሳይመዝን ይቀበልልን፤ ሁለት ጊዜ የወለቀውን ትከሻቸውን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።