ከባንኮኒው በላይ

አዲስ አበባ፣ መርካቶ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጠሀ፣
ባለህበት ጆሃንስበርግ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህንና እንቅልፍህን እጠይቃለሁ። እንቅልፍህን የጨመርኩት ባለፈው ስንደዋወል ድምፅህ ደክሞ ስለ ሰማሁት ነው። አባባ ለአረፋ ለምን አገር ቤት እንዳልወረዱ ጠይቀኸኝ «ሥራ በዝቶባቸው ነው» ብዬህ ነበር። መልሱ ትክክል አልነበረም። የሆነውን በቅደም ተከተሉ አስፍሬልሃለሁ።

የካቲት 3፦ ከራጉኤል ጀርባ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል አስተማሪዋ በወሊድ ፈቃድ ስለ ወጣች፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት እንድተካት ተጠየቅኩ። ተቀበልኩ።

መጋቢት 21፦ ኢድ አል ፈጥር። አባባ አዲስ ጫማ አደረጉ። ጫማው የግራ ተረከዛቸውን ላጠው።

መጋቢት 30፦ ቁስሉ ጠቆረ። ስኳራቸውን ታውቃለህ። «ቅባት ይበቃዋል» አሉኝ።

ሚያዝያ 13፦ ሐኪሞቹ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

ግንቦት 4፦ ወደ ሱቅ ተመለሱ።

ግንቦት 11፦ ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ አበራሽ በቋሚነት የሥዕል አስተማሪ እንድሆን ጠየቁኝ።

ግንቦት 29፦ አረፋ። አባባ አገር ቤት አልሄዱም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ፦ ለወይዘሮ አበራሽ መልስ የምሰጥበት የመጨረሻ ቀን።

አራተኛውን መስመር ደጋግመህ እንዳታነበው እለምንሃለሁ፤ ብታነበውም አይለወጥም። ለአንተ እንዳይነገር ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው ነቅተው የተናገሩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር «ጠሀ ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ተመልሶ አይገባም» የሚል ነበር። የመኖሪያ ወረቀትህ ነገር ከእግራቸው ይልቅ ያስጨንቃቸዋል። በስልክ ስናወራም ምንጊዜም ከአጠገቤ ስለሚቀመጡ ሌላ ማለት አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ፈርሀት በውስጡ ያለውን አያውቅም።

ና አልልህም። ከዚህ በታች የምጽፈውም ና ለማለት አይደለም።

የሸማ ተራ ሰዎች የሚያውቁት አባባ የሆድ ቀዶ ሕክምና እንዳደረጉ ነው። ነጋዴው ከመምጣቱ በፊት በላዳ እናደርሳቸዋለን፤ «እናደርሳቸዋለን» ስል እኔና በየቀኑ የሚለያየው የላዳ ሹፌር ማለቴ ነው። በክራንች ገብተው ከባንኮኒው ኋላ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ክራንቹን ከጋቢዎቹ ክምር ሥር እደብቀዋለሁ። ማታ ተራው እስኪጸዳ ቆይተን እንወጣለን። በመካከሉ ከወንበሩ አይነሡም።

ችግሩን አንተ ከማንም ይበልጥ ትረዳዋለህ። በእኛ ተራ፣ ጋቢ ተቀምጦ አይሸጥም። ሻጩ ይቆማል፣ ጋቢውን በአንድ ውርወራ ይዘረጋዋል፣ ጫፉን በአገጩ ይዞ እስከ መሬት ያወርደዋል፤ ገዢው ቁመቱንና ጥለቱን የሚያየው ከሻጩ ገላ ላይ ነው። አባባ በዚያ ውርወራ የታወቁ ነበሩ። አሁን የምዘረጋው እኔ ነኝ። እሳቸው ከወንበራቸው ስለ ፈትሉና ስለ ሸማኔው ይናገራሉ፤ እኔ ከፊታቸው እቆማለሁ። ገዢዎች «ሐጂ ልጃቸውን እያሠለጠኑ ነው» ይላሉ። ግምቱን አላስተባበልንም። በማስተምርባቸው ሁለት ጠዋቶች አባባ ገዢውን «ልጄ ስትመጣ ተመለሱ» እያሉ ያሳልፉት ነበር።

«ሠራተኛ ቅጠሩ» እንደምትል እገምታለሁ። ሐሳቡን ሁለት ጊዜ አቅርቤው ነበር። በመጀመሪያው ስለ ጥለት ዋጋ ማውራት ጀመሩ። በሁለተኛው «የቀጠርሽው ልጅ ክራንቹን ባየ ዕለት ወሬው ከእሱ ቀድሞ አንዋር መስጊድ ይደርሳል። ሰው በቁሜ ሊያለቅስልኝ ሱቄ ይመጣል» አሉኝ። እማዬ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ብትኖር ኖሮ ታሳምናቸው እንደ ነበር አምናለሁ። እኔ አልቻልኩም።

አሁን ስለ ትምህርት ቤቱ ልጻፍልህ፤ እስከ ዛሬ ስለ እሱ በዝርዝር አልነገርኩህም።

የጨርቃ ጨርቅ ዲዛይን አጥንቼ ልጆች ሥዕል ማስተማር የሙያ ዕድገት ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ በቀላሉ አላየሁትም። ከጎናችን ያሉት ጋሽ ሀብተ ወልድማ ውሳኔያቸውን ቀድመው ሰጥተዋል።

«ስሚ ሱሀይር» አሉኝ፣ ነጠላ እያጣጠፉ። «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተልከሽ ተምረሽ መጥተሽ ዶሮ መሳል ልታስተምሪ ነው?»

«ዶሮ ላይ አልደረስንም፣ ጋሼ። ገና እንቁላል ላይ ነን።»

«እንግዲያውስ ሲፈለፈል ጥሪኝ!»

ወይዘሮ አበራሽ ግን ቢሯቸው ጠርተው በቁም ነገር አነጋገሩኝ። «እውነቱን ልንገርሽ። ሥዕል የምንሰጠው ክፍለ ጊዜ ለጎደለው አስተማሪ ነው። የስፖርቱም፣ የሒሳቡም አስተምሮታል። ልጆቹ ለሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲሮጡ ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው» አሉኝ። ከመመረቄ ወዲህ ስለ ራሴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ክፍሉ የሦስተኛ ክፍል ነው፤ አብዛኞቹ የነጋዴ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከለር አከፋፍዬ ወደ ሰሌዳው ስዞር ክፍሉ ገበያ ሆኖ ጠበቀኝ። «አረንጓዴ በሁለት ቢጫ!» «ወርቃማውን ከማን ትገዢዋለሽ፣ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ!» ሲባባሉ ሰማሁ። ላስቆማቸው ብዬ ተውኩት፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እያንዳንዱ ልጅ ለሥዕሉ የሚያስፈልገው ቀለም በእጁ ነበር። ደስታ የሚለውን ቃል አልጠቀምም፤ በቂ ጊዜ አላስተማርኩም። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ጠዋቶች ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነሣ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ «አባታችሁን ሳሉ» የሚል ሥራ ሰጠኋቸው። የመጡት ሥዕሎች ግራ አጋቡኝ። ኮፍያ አለ፣ ጢም አለ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ አለ፣ ከጀርባ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ዕቃ አለ። ከወገብ በታች ግን አንድ አግድም ሣጥን ብቻ ነው። እግር የሳለ ከክፍሉ እጅግ ጥቂት ነበር። ሰልሳቢልን፣ አባቷ አንዋር አጠገብ ቅመም የሚሸጥ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አስነሥቼ ጠየቅኋት።

«የአባትሽ እግር የት አለ?»

«አለ፣ ቲቸር። ግን ባንኮኒው ውስጥ ነው።»

«ሰው ሲሳል ሙሉ አካሉ ይሳላል ብለን አልተማርንም?»

«ሙሉ አካሉን እንዳልስለው ቤት ሲመጣ ተኝቻለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ሄዷል። ሱቅ ነው የማየው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ተማሪዎቹ በትምህርቱ መመዘኛ መሠረት ተሳስተዋል ብዬ ማርክ ቀነስኩ። ያየኸውን ሳል ብለህ ያስተማርከውን ልጅ ያየውን ስለ ሳለ መቅጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ሥዕሎቹን ለማረም ሱቅ ይዣቸው ሄድኩ። ገበያ ቀዝቅዞ ስለ ነበር አባባ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ይገልጧቸው ጀመር። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር፤ እየቆየ ፊታቸው ተለወጠ። ሥዕሎቹን በግንባራቸው ደፍተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጧቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ። «ማንም አልነገራቸውም፣ አባባ። የየራሳቸውን አባት ነው የሳሉት። ከባንኮኒው በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቁት» አልኳቸው።

ሥዕሎቹን መልሰው ገለበጡ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አዩአቸው። ከዚያ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከኢድ ወዲህ አልሰማሁም ነበር።

«እንዴ! እንግዲያው መርካቶ በሙሉ እግር የለውማ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ማርክ ሰጠሻቸው?»

«ቀንሼባቸዋለሁ።»

«መልሺላቸው።»

መለስኩላቸው። ስለ ቋሚ ሥራው የነገርኳቸው በዚያው ሰዓት ነው፤ ከሳቃቸው በኋላ የተገኘውን አጋጣሚ ተጠቅመሽበታል ብትለኝ አልክድም። የሥዕሎቹን ጠርዝ አስተካከሉና «ሂጂ አስተምሪ» አሉኝ። «ሴት ልጅ ያስተማርኩት የጋቢ መስቀያ ላደርጋት አይደለም። እኔን አላህ ያቆመኛል።»

እዚህ ላይ ብጨርስልህ ደብዳቤው መልካም ዜና ይዞ በመጣልህ ነበር።

ወዲያው አንዲት ሴት ገቡ። ለልጃቸው ሠርግ ጋቢ ይፈልጋሉ። እኔ ሥዕሎቹን ከጥለት ክር ለይቼ እያስቀመጥኩ ነበር። አባባ «ይምጡ፣ የሠርግ አለን!» ብለው ከመደርደሪያው ጋቢ ሳቡና ሊዘረጉት ተነሡ። ተነሡ ስልህ፣ እንደ ድሮው በሁለት እግር ሊነሡ ነው። እግራቸውን የረሱት ፈቃድ በመስጠታቸው ስለ ተደሰቱ ይመስለኛል፤ ለዚህ ግምት ማስረጃ የለኝም። ወደ ግራ አዘነበሉ፤ በሁለት እጃቸው ባንኮኒውን ያዙ። ጋቢውን ከእጃቸው ነጥቄ በአንድ ውርወራ በእሳቸውና በሴትዮዋ መካከል ዘረጋሁት። ከጋቢው ኋላ ክንዴን ጨብጠው ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል። ከፊቴ ሴትዮዋ ጥለቱን እየዳሰሱ «ክንድሽ አይዝልም እንዴ፣ ልጄ? አውርጂው፣ አይቼዋለሁ» ይላሉ። እኔ ማውረድ አልችልም። አባባ ወንበራቸውን እስኪያገኙ ድረስ ስለ ሸማኔው፣ ስለ ፈትሉ፣ ስለ አጠባው የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ገዝተው መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ፈቃዳቸውን አላነሡም፤ ፈቃዳቸው አሁንም እንዳለ ነው። ሌላ የሚቆም ሰው ግን የለም።

የቀሩትን አማራጮች መርምሬአለሁ። በግማሽ ቀን ላስተምር ብዬ ወይዘሮ አበራሽን ጠየቅኩ፤ ለቋሚ ሠራተኛ አይፈቀድም። ሱቁን ጠዋት ዘግተን ከሰዓት እንክፈት ብዬ አባባን ጠየቅኩ፤ «ጠዋት የተዘጋ ሱቅ ምን ሆነ ይባላል» አሉ። ሰው ሠራሽ እግር ስለ ማስገጠም ሐኪሙን ጠየቅኩ፤ ቁስሉ ገና ስለ ሆነ መቼ እንደሚሆን ሊነግረኝ አልቻለም። ለጋሽ ሀብተ ወልድ እውነቱን እንድናገር አባባን ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ከለከሉኝ። የትኛውም በር በኃይል አልተዘጋብኝም፤ ሁሉም በትሕትና ተዘጋ።

ዓርብ ዕለት መልስ ይዤ መሄድ ነበረብኝ። የዓርብን ነገር ታስታውሳለህ፤ ከአንዋር የተረፈው ሰጋጅ ምንጣፉን እየዘረጋ እስከ እኛ ደጃፍ ይደርሳል። አባባ ከሚያዝያ ወዲህ ጁምዓ አልወጡም። የብረት በሩን ግማሽ አውርደን ከውስጥ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሰግዳሉ፤ እኔ ማንም ጎንበስ ብሎ እንዳያይ ከደጅ እቆማለሁ።

ጋሽ ሀብተ ወልድ በደጃቸው ብቅ ብለው «ሐጂ ዛሬም ቀድመው ወጡ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ። ቀድመው ሄዱ።»

በሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «መልካም። ሲመለሱ ሰላም በይልኝ» ብለው ገቡ። ድምፃቸው ላይ ከወትሮው የተለየ ልስላሴ ነበረ፤ ምን ያህል እንደሚያውቁ መወሰን አልቻልኩም። የቆምኩበት ቦታ ትምህርት ቤቱ ካለበት መንገድ ጋር ፊት ለፊት ነው። በመካከላችን ጎዳናው ዳር እስከ ዳር በሰጋጅ ተሞልቶ ስለ ነበር መሻገር አይቻልም ነበር። ወይዘሮ አበራሽ ሌላ ሰው ሳያገኙ አልቀሩም፤ በዕለቱ መልስ ካልሰጠሁ ሥራው ለሌላ እንደሚሰጥ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ እንድታዝን ወይም እንድትፈርድልኝ አይደለም። በቤታችን የሆነውን ከእኔ በቀር አንድ ሰው እንዲያውቀው ፈልጌ ነው። ስትደውል ስለ እግራቸው አታንሣባቸው። ስለ ገበያ ጠይቃቸው፤ ስለ ገበያ ሲናገሩ ድምፃቸው ጸንቶ ይቆማል።

አላህ በሰው አገር ከሰው ክፉ ይሸሽግህ፤ በሄድክበት በር ይክፈትልህ፤ እንጀራህን ከሰላም ጋር ያድርግልህ። አባባን በሁለት እግርህ ቆመህ የምታቅፍበትን ቀን ያሳየን። አሚን።

አክባሪ እህትህ፣
ሱሀይር

አንድ ማረሚያ፦ ከላይ ጎዳናውን መሻገር አይቻልም ነበር ብያለሁ። ይህ ትክክል የሚሆነው ሰላቱ እስኪያበቃ ድረስ ብቻ ነው። ሰጋጁ ምንጣፉን ጠቅልሎ ተበተነ፣ መንገዱ ተከፈተ፤ የወይዘሮ አበራሽ ቢሮም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነበር። አባባ ከውስጥ «ሱሀይር፣ አሁን ሂጂ» ብለውኛል። አልሄድኩም።