ማሽኑን ቀይረው ዝም ላሉት ለእህቴ ባል

ለተከበሩ ሰርቨር የሚያከራየው የክላውድ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣ እቤት ጋሼ እያልኩ ለምጠራዎት የእህቴ ባል፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እንቅልፍዎ እንደ ዝምታዎ የጠለቀ፣ የምግብ ፍላጎትዎም ባለፈው እሑድ አንድ ገበታ ቀርበን እንዳየሁት የተከፈተ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እንደሚያውቁት ባለቤትዎ አዋላጅ ነርስ ናት። ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ ደርሳ ተረኛ አዋላጅ ፍለጋ በየበሩ እንዳትንከራተት፣ ገና ከቤቷ ሳትወጣ ተረኛዋን የሚጠራላት ፕሮግራም ሥራልኝ አለችኝ፤ ሠራሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊም በስንት ልመና ለሙከራ አንድ ጠዋት ፈቀዱላት። የት እንጫነው ስንል፣ እኔ እያለሁ ሌላ ድርጅት ትሄዳላችሁ ወይ ብለው የተቆጡን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. በሙከራው ዋዜማ፣ ፕሮግራሜ የተጫነባቸውን ሰርቨሮቻችሁን ፕሮሰሰሩ፣ ማለት አንጎሉ፣ ሌላ ዓይነት በሆነ ማሽን ስለ ተካችሁ አመሰግናለሁ። ለአንዱ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንደማይነሳ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አንዲት መስመር መልእክት ብትደርሰኝ ኖሮ ለአዲሱ አዘጋጅቼ መልሼ ለመጫን ሻይ እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃኝ ነበር።

፪. ስደውል ሠራተኞችዎ አፍ ለአፍ የተማከሩ ይመስል ኮድህን ፈትሽ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ፈተሽኩ። ደህናውን ኮድ አፈራርሼ እንደገና ጻፍኩት፤ ሰርቨሩ ግን «እየተነሳ ነው» የሚል ጽሑፍ እንዳሳየ ቀረ። ኋላ ላይ አንዲት ሠራተኛዎ አንጀቷ አልችል ብሎ እንደነገረችኝ፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ስለ ማሽኑ ትንፍሽ እንዳትሉ የሚለው ትእዛዝ የወጣው ከእርስዎ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ፈረሱ ከቤተ ዘመድ ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

፫. ይህኛውን እንዴት እንደማመሰግንዎ ጨንቆኛል። እህቴ በባልደረቦቿና በኃላፊው ፊት ቆማ ስልኳን ደጋግማ ብትነካ ምንም አልመጣ አለ፤ ኃላፊውም ሁለተኛ ይህን ነገር እንዳታነሺብኝ ብለዋት ወጡ። ያቺ ምጥ የያዛት ሴት ዛሬም በር ለበር ትንከራተታለች። እህቴ እያለቀሰች ቤት ስትገባ ደግሞ እርስዎ ትከሻዋን አቅፈው፣ ወንድምሽ ገና ልጅ ነውና አትፍረጂበት ብለው አጽናኗት። እኔ በማሽኑ አልተቀየምኩም፤ በዚህ ነው። እውነቱን እያወቁ ጥፋቱን እኔ ላይ አራግፈው አስታራቂ ሆኑ። ከፋኝ፣ ጋሼ። በጣም ከፋኝ።

የድርጅትዎን ምስጢር ከሚስትዎ ሳይቀር በመጠበቅዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ገና ካልበረደ ንዴት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ደንበኛዎ፣ እስከ ትናንትም እንደ ታላቅ ወንድሙ ያይዎት የነበረ

ማስታወሻ፦ እህቴ ሁሉንም ከእኔ ሰምታ እናታችን ቤት ገብታለች። ልብሷን ለመውሰድ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ለውጥ ሲኖር ለሚመለከተው ሰው አስቀድሞ መንገር ደግ ነው ብዬ ነው።